ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፤ በእስራት የጸኑ የጸሎት ሰው

ብዙ ጸልዮ መከራው ያልተወገደለት ምእመን፣ ጸሎቱ ከንቱ ቀርቶ እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጥያቄ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ሳይቀር የሚነሣ ስለ ሆነ፣ በዚህ ዕትማችን እስከ ዕለተ ሞታቸው ከእስራት ያልተፈቱትን የአንድ አገራችንን አባት ሕይወት ልናቀርብላችሁ ወደድን። እርሳቸውም ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ ጥቅምት 3 ቀን 1926 ብፅዕናቸውን ያወጁላቸው አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በምሥራቅ ጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ። በቀረችው አንዲት ዓይን ግን ሁለት ዓይን ካላቸው ብዙዎች ይልቅ መጻሕፍትን መረመሩ። እንደ ማንኛውም የቤተ ክህነት ተማሪ ከፊደል ቀጥለው ዳዊትን ተማሩ፤ በወጣትነታቸውም በመርጡለ ማርያም ገዳም መነኮሱ።

በዚያ ዘመን የአገራችን ሊቃውንት በክርስቶስ ባሕርይ ምሥጢር ላይ በቅባት፣ በጸጋና በተዋሕዶ ተከፋፍለው ይከራከሩ ነበር። ገብረ ሚካኤል ክርክሩን በጩኸት ማሸነፍ አልፈለጉም። ከገዳም ወደ ገዳም፣ ከመጽሐፍ ቤት ወደ መጽሐፍ ቤት እየተዘዋወሩ፣ በጎንደርም እየተማሩና እያስተማሩ እውነትን ሲሹ ኖሩ። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ እንዲያመጡ ወደ ግብፅ ከላኳቸው መልእክተኞች ጋር ወጡ። መልእክተኞቹን ያጀቡት ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ አባ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ኋላ አቡነ ያዕቆብ የተባሉት ቅዱስ ነበሩ። ጉዟቸው ከግብፅ አልፎ ሮም ደረሰ፤ በዚያም ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ ተቀበሏቸው። ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። ሆኖም መነኩሴው በጉዞው ብቻ ተማርከው አልቸኮሉም፤ ከብዙ ምርመራና ጸሎት በኋላ በየካቲት 1844 በዓድዋ ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አንድነት ገቡ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ነበር። እኛ የአንድ ወር ጸሎት መልስ ሲዘገይብን የምንሰለች ሰዎች በዚህ ላይ ጥቂት ብናስብ መልካም ነው።

ከዚያ በኋላ በጓላ ዘርአ ክህነት ተማሪዎችን አስተማሩ፤ ከአቡነ ያዕቆብም ጋር ለምእመናን የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አዘጋጁ። ካቴኪስቶቻችን እንግዲህ በሥራቸው ቀዳሚ አባት እንዳላቸው ይወቁ። ጥር 1 ቀን 1851 ከአቡነ ያዕቆብ እጅ ክህነትን ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ወደ 60 ዓመት ተጠግቶ ነበር።

ፈተናው የመጣው በ1854 ነው። በሐምሌ ወር በጎንደር ሳሉ በጊዜው በነበሩት ጳጳስ በአቡነ ሰላማ ትእዛዝ ተያዙ። አቡነ ያዕቆብም ተይዘው ለብቻቸው ታሰሩ። ገብረ ሚካኤልና ጓደኞቻቸው እግራቸው በግንድ ገብቶ በጨለማ ቤት ወራትን አሳለፉ። ይህን ስንጽፍ የቆየ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም፤ ያ ዘመን የሃይማኖት ክርክር ከመንግሥት ጉዳይ ጋር የተደባለቀበት ዘመን ነበር። ደግሞም በወኅኒ ቤት ያቆማቸው የጸሎት ልማድ መጀመሪያ የተተከለው በኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ገዳም መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ለአፍታ ያን ቤት በሐሳባችን እንየው። ካህኑ የሚቀድሱበት መሠዊያ አልነበረም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የወደዷቸው መጻሕፍትም ከአጠገባቸው ርቀዋል። በልጅነት በቃል የተያዘ ጸሎት ግን ማንም ሊቀማው አይችልም። ለመፈታት የሚጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያመኑበትን መካድ። እርሳቸው ግን በየጊዜው እምቢ አሉ። ጸሎታቸው የወኅኒውን በር አልከፈተም፤ ቢሆንም በተጠየቁ ቁጥር ያንኑ መልስ የሚመልሱበት ኃይል ከዚያ ሌላ ከየት ሊመጣ እንደሚችል ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አይታየውም።

አቡነ ያዕቆብ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፤ አባትና ልጅም ዳግመኛ በሥጋ አልተገናኙም። በ1855 ዓፄ ቴዎድሮስ ነገሡ፤ እስረኛውም በንጉሡ ፊት ቀረቡ። ሐሳባቸውን ስላልለወጡ በቀጭኔ ጅራት ጽኑ ግርፋት ተገረፉ፤ ገራፊዎቹ ደህና የነበረችውን ዓይን ሳይቀር መቷት። ከዚያ ሁሉ ግርፋት በኋላ በሕይወት ተነሥተው ሲቆሙ ያዩ ወታደሮች፣ ሞቶ የሚነሣውን ሰማዕት እያሰቡ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይሏቸው እንደ ነበር ይተረካል።

ግንቦት 31 ቀን 1855 የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው። በዚያ የተገኙት የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ስለ ለመኑላቸው ግን ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ሰው ሲያስበው ይህ ምሕረት ነው፤ ለ64 ዓመት ሽማግሌ ግን ሞትን አዘገየው እንጂ ሥቃዩን አላቀለለውም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በሰንሰለት ታስረው በዘመቻ ላይ የነበረውን ሠራዊት እየተከተሉ በእግራቸው ተጓዙ። ወራቱ ክረምት ነበር፤ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙሉ። በሠራዊቱም መካከል የኮሌራ በሽታ ገብቶ ነበር።

ሦስት ወር ያህል እንዲህ ተጓዙ። ነሐሴ 28 ቀን 1855 ጉልበታቸው አለቀ፤ በዚያው በመንገድ ላይ ነፍሳቸውን ለፈጣሪያቸው አስረከቡ። ዐፈር ከለበሱ በኋላም ሠራዊቱ ጉዞውን ቀጠለ።