ደምን በኤሌክትሪክ ያበጠረው ሰው

ለምርመራ ደም ሰጥታችሁ ውጤቱ እስኪደርስ ስልካችሁን እየነካካችሁ ኮሪደር ላይ ጠብቃችሁ ታውቁ ይሆናል። በዚያች ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ነገር ብዛቱ ግን አጀብ ያሰኛል። ቀይ የደም ሴል አለ፣ ነጭ የደም ሴል አለ፣ ስኳር አለ፣ ጨው አለ። በዚያ ላይ በዓይን የማይታዩ፣ በወንፊት የማይያዙ፣ እርስ በርስ የተደባለቁ ብዙ ዓይነት ፕሮቲኖች አሉ። ሐኪሙ የቱ እንደበዛ፣ የቱ እንዳነሰ ማወቅ ቢፈልግ መጀመሪያ አንዱን ከሌላው መለየት የግድ ነው።

እህል ቢሆን ቀላል ነበር። እናቶቻችን ሰፌዱን ያነሱና አበጥረው፣ አንጠርጥረው፣ ፍሬውን ለብቻ ገለባውን ለብቻ ያደርጉታል። ፕሮቲን ግን በምን ሰፌድ ይበጠራል? በኤሌክትሪክ! ይህን ሰፌድ በሚገባ ሠርቶ ለዓለም ያስረከበው ደግሞ የዛሬው ባለታሪካችን፣ ስዊድናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አርነ ቲሴሊዩስ ነው። በዚሁ ሥራ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የሚገርመው ግን፣ በዚሁ ርዕስ ዶክትሬቱን ሲይዝ እሱ ራሱ በውጤቱ አልረካም ነበር። እንዲያውም ነገሩን ትቶ ወደ ሌላ ምርምር ሄዶ ነበር። እንዴት ተመለሰ? ታሪኩን ከሥሩ እንየው። (ዘመኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከስቶክሆልም እስከ ኡፕሳላ

ቲሴሊዩስ ኦገስት 10 ቀን 1902 ስቶክሆልም ውስጥ ተወለደ። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ፣ በ1906፣ አባቱ ሞተ። እናቱም ቤተሰቧን ይዛ ዘመድ ወዳለበት ወደ ጎተንበርግ ከተማ ሄደች። ልጁ እዚያ አደገ፣ እዚያው ተማረ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ልቡን ያዙት።

በ1921 ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ የሳበው አንድ ስም ነበር፤ ቴዎዶር ስቬድበርግ። ስቬድበርግ በዚያ ዘመን ትልልቅ ሞለኪውሎችን እጅግ ፈጥኖ በሚሽከረከር መሣሪያ እያዞረ፣ እንደ ክብደታቸው ወደታች ሲዘቅጡ የሚለካ ሰው ነበር። መሣሪያው አልትራሴንትሪፊውጅ ይባላል። ቲሴሊዩስ በ1925 የእሱ የምርምር ረዳት ሆነ። በዓመቱ፣ በ1926፣ ስቬድበርግ የኬሚስትሪ ኖቤልን ተሸለመ። ወጣቱ ረዳት እንግዲህ ሥራ የጀመረው በእንዲህ ዓይነት ቤት ነው።

ስቬድበርግ ለረዳቱ የሰጠው የቤት ሥራ ግን ሌላ ነበር። ኤሌክትሮፎረሲስ ይባላል።

ሩጫው

ቃሉ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ፕሮቲን ፈሳሽ ውስጥ ሲሆን ቻርጅ ይይዛል። ፈሳሹ ምን ያህል አሲድነት እንዳለው እየታየ ቻርጁ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ይሆናል። ታዲያ ፈሳሹ ውስጥ ሁለት የኤሌክትሪክ ጫፎች ብታስገቡ፣ ኔጋቲቩ ፕሮቲን ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ፣ ፖዘቲቩም ወደ ኔጋቲቩ ጫፍ ይሄዳል። ሁሉም ግን እኩል አይሄድም። ቻርጁ የበዛው ይፈጥናል፤ ግዙፉ ይጓተታል። የ10,000 ሜትር ሩጫን አስቡት። ሲነሱ ሁሉም አንድ ላይ ናቸው። ከጥቂት ዙር በኋላ ግን መሪዎቹ ለብቻ፣ መካከለኞቹ ለብቻ፣ የኋለኞቹ ለብቻ ይሆናሉ። ኤሌክትሮፎረሲስ ይኸው ነው፤ ሞለኪውሎችን አሯሩጦ መለየት።

ሐሳቡ ከቲሴሊዩስ በፊትም ነበር። ያስቸገረው አሠራሩ ነው፤ ዋናው ጠላት ደግሞ ሙቀት ነበር። ኤሌክትሪክ በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ፈሳሹን ያሞቀዋል። ስልካችሁ ቻርጅ ሲደረግ እንደሚግለው ማለት ነው። የሞቀው ፈሳሽ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ወደ ታች ይወርዳል፣ ስንት ደክማችሁ የለያችሁት ፕሮቲን መልሶ ይደባለቃል። ሙቀቱን ፈርታችሁ ኤሌክትሪኩን ብትቀንሱ ደግሞ ሩጫው ይንቀራፈፍና ሞለኪውሎቹ በራሳቸው ጊዜ ይበተናሉ። ቢበዛም ችግር፣ ቢያንስም ችግር!

ቲሴሊዩስ ከዚህ ጋር ዓመታት ታገለ። በ1930 የዶክትሬት ሥራውን አቀረበ። ሥራው ተወደደለት፣ በዩኒቨርሲቲው የማስተማር ማዕረግም አገኘ። እሱ ግን ውስጡ አላረፈም። የሚያያቸው መስመሮች ብዥ ያሉ ነበሩ። ይባስ ብሎ አንድ የሚከነክን ነገር አይቷል፤ በስቬድበርግ መሣሪያ ሲሽከረከሩ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ፕሮቲኖች፣ በኤሌክትሪክ ሲሮጡ አንድ ዓይነት አይመስሉም። ክብደታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ቻርጃቸው የተለያየ ከሆነስ? ጥያቄው ትልቅ ነበር። መሣሪያው ግን ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ አልነበረም።

ትቶ መሄድና መመለስ

በኡፕሳላ ለባዮኬሚስትሪ ብቻ የተመደበ የፕሮፌሰርነት ወንበር በዚያ ጊዜ አልነበረም። እንጀራም ያስፈልጋልና ቲሴሊዩስ ፊቱን ወደ ሌላ ኬሚስትሪ አዞረ። ዜኦላይት የሚባሉ ማዕድናት አሉ፤ በውስጣቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉ ውኃና ጋዝ ይመጣሉ። ቲሴሊዩስ ሞለኪውሎች በእነዚህ ክሪስታሎች ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወሩ ማጥናት ያዘ። ኤሌክትሮፎረሲስ ወደ ጓዳ ገባ።

በ1934 ከሮክፌለር ፋውንዴሽን ባገኘው ድጋፍ አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። የሄደው ከሂዩ ቴይለር ጋር ሊሠራ ነው። ነገር ግን በዚያ አካባቢ የነበሩት ሰዎች እነማን መሰሏችሁ? ኢንዛይምን በክሪስታል መልክ ያወጣው ጆን ኖርትሮፕ፣ በ1935 የትምባሆ ተክል ቫይረስን በክሪስታል መልክ ያገኘው ዌንደል ስታንሊ፣ የደም ዓይነቶችን ያገኘው ካርል ላንድስታይነር። ቲሴሊዩስ ከእነዚህና ከሌሎች የፕሮቲን ተመራማሪዎች ጋር ሲጨዋወት አንድ ነገር ገባው። ሁሉም ፕሮቲንን ሳይጎዱ የሚለዩበት መሣሪያ ይፈልጋሉ። የሚፈልጉት መሣሪያ ደግሞ እሱ ሳይጨርስ ጓዳ ያስገባው ነው!

ወደ ኡፕሳላ ሲመለስ የድሮውን መጠገን አላማረውም፤ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ክብ የነበረውን ቱቦ ጠፍጣፋ አደረገው፤ ጠፍጣፋ ነገር ሙቀቱን ቶሎ ያወጣልና። መላውን ቱቦ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አቀዘቀዘው። ለምን 4? ውኃ በዚህ ሙቀት አካባቢ ትንሽ ቢሞቅ ወይም ትንሽ ቢቀዘቅዝ ጥግግቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል። ጥግግቱ ካልተለወጠ ወደ ላይና ወደ ታች መገለባበጥ የለም፤ መገለባበጥ ከሌለ መደባለቅ የለም። ቱቦውን ደግሞ ከሚንሸራተቱ ክፍሎች ሠራው፤ የተለየውን ፕሮቲን ቆርጦ ለማውጣት እንዲመች። ቀለም የሌላቸውን ፕሮቲኖች ለማየትም ብርሃን በፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ የሚጎብጥበትን ሁኔታ ተጠቀመ። ሁሉም ሲገጣጠም ርዝመቱ ወደ 6 ሜትር የሚደርስ፣ አንድ ክፍል የሚሞላ ማሽን ሆነ።

ሥራውን ጽፎ ሲልክ አንድ የባዮኬሚስትሪ መጽሔት ፊዚክስ ይበዛበታል ብሎ መለሰለት። በ1937 በሌላ መጽሔት ወጣ። ዛሬ ያ ጽሑፍ በዘርፉ ታሪክ ውስጥ ከዋናዎቹ አንዱ ነው።

አራቱ

ሴረም ማለት ደም ሲረጋ ተለይቶ የሚቀረው ቢጫማ ፈሳሽ ነው። ቲሴሊዩስ ይህን ሴረም በአዲሱ ማሽን አሯሯጠው። ከፊት አልቡሚን ወጣ። ከኋላው ግሎቡሊን የሚባለው ተከተለ፤ ግን አንድ ሆኖ አልመጣም፣ ለሦስት ተከፍሎ እንጂ። ቲሴሊዩስ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ አላቸው። ዛሬ ሐኪሞች ጋማ ግሎቡሊን ሲሉ የምትሰሙት ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ከዚያ ኤልቪን ካባት የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ኡፕሳላ መጣ። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው የእንቁላል ነጭ ፕሮቲን የተወጉ ጥንቸሎችን ሴረም መረመሩ። የጥንቸሎቹ ሰውነት ይህን ባዕድ ፕሮቲን ለመከላከል አንቲቦዲ አምርቷል። ጥያቄው አንቲቦዲው ከአራቱ በየትኛው ውስጥ ነው የሚለው ነበር። ሴረሙን እንዳለ አሯሯጡት፤ ጋማው ጎልቶ ታየ። ከዚያ አንቲቦዲውን ከሴረሙ አስወግደው ደገሙት፤ ጋማው ቀነሰ። በ1939 ውጤቱን አወጡ። በሽታን የሚከላከለው አንቲቦዲ የት እንዳለ በዚህ ታወቀ።

በመካከሉ፣ በ1938፣ ዩኒቨርሲቲው በተገኘ ስጦታ ለቲሴሊዩስ ለራሱ የባዮኬሚስትሪ የፕሮፌሰርነት ወንበር ከፈተ። ያልነበረው ወንበር እሱን ተከትሎ መጣ። በ1948 ደግሞ በኤሌክትሮፎረሲስና ሞለኪውሎችን በሌላ መንገድ በሚለይ ሥራው፣ በተለይም የሴረም ፕሮቲኖች ምን ያህል የተወሳሰቡ እንደሆኑ በማሳየቱ፣ የኬሚስትሪ ኖቤልን ተሸለመ። 46 ዓመቱ ነበር።

በዓመቱ መሣሪያው አሜሪካ ውስጥ ሌላ ታሪክ ሠራ። ላይነስ ፖውሊንግና ባልደረቦቹ የሲክል ሴል ሕመምተኞችን ሄሞግሎቢን ከጤነኛ ሰው ሄሞግሎቢን ጋር በቲሴሊዩስ ዓይነት ማሽን አወዳደሩ። ሁለቱ ሩጫቸው ተለያየ። በሽታውን ሳይታመሙ በዘር የሚሸከሙ ሰዎች ደም ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት ይዞ ተገኘ። አንድ በሽታ የሚመጣው በአንድ ሞለኪውል ላይ ካለ ለውጥ እንደሆነ በ1949 እንዲህ በግልጽ ታየ።

ከ6 ሜትር ወደ ፀጉር

ትልቁ ማሽን ዘመኑ ረጅም አልነበረም። ውድ ነበር፣ ቦታ ይፈጃል፣ ባለሙያ ይፈልጋል። በ1950ዎቹ ፕሮቲንን በወረቀትና በጄል ላይ የሚያሯሩጡ ርካሽ ዘዴዎች ቦታውን ወሰዱት። የቲሴሊዩስ ላቦራቶሪ ራሱም በእነዚህ ዘዴዎች መሥራት ያዘ። እሱ በዚህ ጊዜ ኃላፊነቱ በዝቶበታል። የስዊድንን የተፈጥሮ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት መርቷል፤ ከ1951 እስከ 1955 የዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር፤ በኋላም የኖቤል ፋውንዴሽንን በፕሬዚዳንትነት መርቷል። ከሁሉም የበለጠው ግን ተማሪዎቹ ናቸው።

ከእነሱ አንዱ ስቴላን የርቴን ይባላል። የመምህሩን የድሮ ጠላት፣ ሙቀትን፣ በሌላ መንገድ ገጠመው። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ቱቦ ወሰደና ፈሳሹ እንዳይገለባበጥ ቱቦውን በራሱ ዙሪያ እያሽከረከረ ሠራበት። ይህን ሥራውን በ1967 በዶክትሬት ጽሑፉ አቀረበ። ብዙዎች የዛሬውን ቴክኖሎጂ አጀማመር ከዚህ ይቆጥራሉ።

ቲሴሊዩስ ኦክቶበር 29 ቀን 1971 በ69 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ አሜሪካ ውስጥ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ጆርገንሰንና ክሪን ሉካክስ ቱቦውን ወደ 75 ማይክሮ ሜትር አወረዱት። የፀጉር ያህል ቀጭን ማለት ነው! እንዲህ የቀጠነ ቱቦ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ኢምንት ስለሆነና ከግድግዳው ጋር ስለተጠጋ ሙቀቱን ወዲያው ያወጣል። ስለዚህ እስከ 30,000 ቮልት ቢለቁበትም ይችላል። ሰዓታት ይፈጅ የነበረው ሩጫ በደቂቃዎች ያልቃል። የሚፈልገው ናሙናም ከአንዲት ጠብታ ያነሰ ነው። ስሙ ካፒላሪ ኤሌክትሮፎረሲስ ይባላል።

ይህች ቀጭን ቱቦ ዛሬ የት የት አለች? የሰውን ልጅ ዘረመል ያነበቡት ማሽኖች በአንድ ጊዜ 96 ካፒላሪዎች ጎን ለጎን ያሠሩ ነበር። ቱቦው ውስጥ ዝልግልግ ፈሳሽ ይሞላል፤ አጭሩ የዲኤንኤ ቁራጭ ሾልኮ ይቀድማል፣ ረጅሙ ይዘገያል፤ በአንድ ፊደል ብቻ የሚበላለጡት እንኳ ይለያያሉ። የፖሊስ የዲኤንኤ ምርመራም ሆነ አባትነትን የማረጋገጥ ምርመራ በዚሁ ዘዴ ይሠራል። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ የሄሞግሎቢን ዓይነት ይለዩበታል። የሴረም ፕሮቲንም ያዩበታል፤ በጋማው አካባቢ አንድ ሹል ጫፍ ብቅ ካለ ማልቲፕል ማየሎማ የሚባለውን የደም ካንሰር ሊጠቁም ይችላል። አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ የሚሉት ስሞችም በ1937 እንደወጡ እስካሁን አሉ።

ቲሴሊዩስ ይህን ሁሉ አላየም። እሱ ያየው ብዥ ያለ መስመር ነው። ሌላው ሰው ሥራውን ሲያመሰግንለት እሱ ግን መስመሩ ብዥ ማለቱን ለራሱ አልደበቀም። ጓዳ አስገባው፣ ግን አልጣለውም። ጊዜው ሲደርስ አወጣና ከዜሮ ጀመረ። እናንተም ምናልባት ጀምራችሁ ያልሆነላችሁ፣ ኮምፒውተራችሁ ወይም ስልካችሁ ውስጥ አንድ ፎልደር ላይ የተቀመጠ ሥራ ይኖራችሁ ይሆናል። ከማጥፋታችሁ በፊት አንዴ ከፍታችሁ እዩት፤ መስመሩን ያደበዘዘው ምን እንደነበር አሁን ይገባችሁ ይሆናል።

ቸር እንሰንብት!