ቤቱ የአንዱ፣ ተከራዩ የሌላው

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ኳስ ሲጫወት የጉልበቱ የፊት መስቀለኛ ጅማት ተበጠሰ። ሐኪሞቹ ከገዛ ጭኑ ጅማት ወስደው፣ አጥንቱን በስተው በቀዳዳው አሳለፉና ተከሉለት። እሱ ገና በክራንች ሲሄድ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የውጭ አገር ክሊኒክ፣ ከራሱ መቅኔ የሚወጣ ስቴም ሴል በመርፌ ቢወስድ በግማሽ ጊዜ ሜዳ እንደሚመለስ ነገረው። ዋጋው ከእህቴ የዓመት ደመወዝ ይበልጣል። ውሉን እንዳነብላቸው ወደ እኔ አመጡት። ሕግ የተማረ ዘመድ ጥቅሙ ይኸው ነው። በትልልቁ ፊደል ተስፋ ሰፍሯል፤ በደቃቁ ፊደል ደግሞ ክሊኒኩ ለውጤቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ።

የነገሩን ሥር ስፈልግ አሌክሳንደር ፍሪደንሽታይን ላይ ደረስኩ። በሙያው ዘንድ ታላቅ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 በሶቭየት ኅብረት ተወለደ፤ የሠራውም በሞስኮው የጋማሌያ ተቋም ነው፤ በ2020 ስፑትኒክ የተባለው የኮሮና ክትባት የወጣበት ማለት ነው። መጀመሪያ ያስጨነቀው ጥያቄ ለእኛ ለምእመናኑ ግራ የሚያጋባ ነበር። የሽንት ፊኛ ሽፋን ተቆርጦ ሌላ ቦታ ሲተከል በዙሪያው አጥንት ይበቅላል። አጥንት የመሥራት ችሎታ ያለው የትኛው ሕዋስ ነው?

በ1960ዎቹ ፊቱን ወደ መቅኔ አዞረ። መቅኔ የተተከለበት ቦታ አጥንት ያበቅል ነበር። ጠበቃ ግን ዝም አይልም፤ አጥንቱን የሠራው የእንስሳው የራሱ ሥጋ ቢሆንስ? ፍሪደንሽታይን ይህን መከራከሪያ አስቀድሞ አይቶታል። ፈሳሽ የሚያሳልፍ፣ ሕዋስ ግን የማያሳልፍ ሽፋን ባላት ትንሽ ዕቃ ውስጥ የመቅኔ ሕዋስ ዘግቶ እንስሳው አካል ውስጥ አኖረ። አጥንቱ በዕቃዋ ውስጥ በቀለ። ከውጭ የገባ ሕዋስ የለምና ክርክሩ እዚያው ተቋጨ።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ሌላው ሙከራው ነው። ከአንድ እንስሳ የተወሰደ መቅኔ በሌላው ሲተከል አጥንቱ የሰጪው ሆኖ ይቀራል፤ በውስጡ የሚመረተው ደም ግን የተቀባዩ ይሆናል። ቤቱ የአንዱ፣ ተከራዩ የሌላው መሆኑ ነው። መቅኔ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ዘሮች እንዳሉ በዚህ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1970 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ ከጊኒ ፒግ መቅኔ ላይ ከዕቃው ወለል የሚጣበቁትን ጥቂት ሕዋሳት ለይቶ አሳየ። እያንዳንዱ ሕዋስ ተባዝቶ እንደ ትንሽ መንደር ይሆናል። የተዘራው ሲጨምር የመንደሩ ቁጥርም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ይህም እያንዳንዱ መንደር ከአንድ ሕዋስ መነሳቱን ይጠቁማል።

ለእነዚህ ሕዋሳት ዓለም ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያወጣላቸው እሱ አይደለም። አሜሪካዊው አርኖልድ ካፕላን በ1991 ሜዘንካይማል ስቴም ሴል አላቸው። ካፕላን ራሱ በ2017 ስሙ ይቀየር ብሎ ጻፈ፤ ሕዋሳቱ በሰውነት ውስጥ የሚሠሩት አዲስ ሥጋ በመሆን ሳይሆን በአብዛኛው ለሌሎቹ መልእክት በማስተላለፍ ነው በማለት። ገበያው ግን ስሙን ወዶታልና አልለቀቀውም።

ወደ ጉልበቱ ስንመለስ፣ ችግሩ ያለው የተተከለው ጅማት ከተበሳው አጥንት ጋር እስኪዋሃድ የሚወስደው ወራት ላይ ነው። በጥንቸሎች ላይ በተደረገ ሙከራ የመቅኔ ሕዋስ የተቀባ ጅማት ከአጥንቱ ጋር በተሻለ ሁኔታ ተያይዟል። በሰው ላይ የተሠሩት ጥናቶች ግን ትናንሽ ናቸው፤ ውጤታቸውም የተዘበራረቀ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ለተበጠሰ የጉልበት ጅማት ያጸደቀው የስቴም ሴል ሕክምና የለም። ፍሪደንሽታይን ለአንዲት ጠባብ ጥያቄ በዕቃ ዘግቶ፣ ቆጥሮ፣ ደግሞ ተክሎ ማስረጃ ሲያቀርብ ኖረ። ክሊኒኩ ለእህቴ ልጅ የላከው የፈወሳቸው ሰዎች ፎቶግራፍ ብቻ ነበር።

ፍሪደንሽታይን በ1990ዎቹ መገባደጃ አረፈ። የመርፌው ንግድ እንዲህ ሲደራ አላየም።

ውሉ ሳይፈረም ተመልሷል። ልጁ በሳምንት ሦስት ቀን ፊዚዮቴራፒ ይሄዳል፤ ሐኪሙ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ኳስ እንዳይነካ አዞታል፤ ሁለት ወር ይቀረዋል። እህቴ ግን ገንዘቡን ሰስቼ የከለከልኩ ይመስላታል መሰለኝ፣ እስካሁን ስልኬን የምታነሳው በሁለተኛው ጥሪ ነው።