ዳባዲና የሚፈላው ውሃ

በአራዳ፣ በፒያሳ ሻይ ቤቶች ውስጥ ውሃ የሚንተከተከው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ነው፤ በምጽዋ ግን 100 ዲግሪ ያህል መድረስ አለበት። ቦታው ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። አራዳም 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት።

በዚህ ዘዴ የአገራችንን ከፍታዎች ከለኩት ሰዎች አንዱ አንቷን ዳባዲ ነው። ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 በደብሊን ተወልዶ በፈረንሳይ አደገ። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ በ1838፣ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ገባ። አሥር ዓመት ያህል እስከ ጎንደርና እስከ እናርያ እየተዘዋወረ፣ በዋና ዋና ቦታዎች ውሃ ያፈላ፣ በቴርሞሜትር ይለካ፣ ያገኘውንም ቁጥር ይመዘግብ ነበር።

ዳባዲ የነጭ ዓባይ ምንጭ በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ እንደሚገኝ አጥብቆ ተከራከረ፤ ነገር ግን ተሳስቶ ነበር። በ1897 በፓሪስ ሞተ። ግምቱ ቢወድቅም፣ እስከ 1873 ታትመው የወጡት ልኬቶቹ ከግምቱ ጋር አልወደቁም፤ ካርታ ሠሪዎችና የአየር ጠባይ አጥኚዎች ተጠቀሙባቸው።