ሻርል ፍሪደልና የአሮማቲክ ኬቶኖች ስም

ከሲሬ በስተደቡብ ባሉት የአርሲ ደጋዎች የሚበቅለው ኮሶ ስንቱን ትውልድ ከትል የገላገለ ዛፍ ነው። መጠኑ ሲበዛ ግን ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ይህን ኃይል የሰጡት ውሁዶች በቤንዝን ቀለበት ላይ የካርቦኒል ቡድን የተቀጠለባቸው የአሮማቲክ ኬቶኖች ወገን ናቸው። ለዚህ ወገን መበራከትም ሆነ ለስያሜው መቃናት ብዙ የደከመው ፈረንሳዊው ሊቅ ሻርል ፍሪደል ነው።

ፍሪደል እ.ኤ.አ. በ1832 በስትራስቡርግ ተወለደ። በዚያው ከተማ ከሉዊ ፓስተር ዘንድ ከተማረ በኋላ በ1854 ፓሪስ ገብቶ በአዶልፍ ዉርትስ ቤተ ሙከራ ሠራ። በ1857 ካልሲየም ቤንዞዬትንና ካልሲየም አሴቴትን ቀላቅሎ በእሳት በማንጠር አሴቶፌኖንን አገኘ። በ1877 ደግሞ ከአሜሪካዊው ጄምስ ክራፍትስ ጋር፣ በአልሙኒየም ክሎራይድ አማካይነት በቤንዝን ቀለበት ላይ ሌላ ቡድን መቀጠል የሚቻልበትን ዘዴ ገለጠ። ከዚያ ወዲህ አሮማቲክ ኬቶኖች እንደ አሸን ፈሉ።

ብዛቱ ግን መዘዝ አላጣም። ኬሚስቶች አሴቶፌኖን ወይም ሜቲል ፌኒል ኬቶን የሚሉትን ያንኑ ውሁድ፣ ከ1885 ጀምሮ ለእንቅልፍ ያዘዙት ሐኪሞች ሂፕኖን አሉት። አንዱ ውሁድ በሦስት ስም ሲጠራ ባለሙያና ባለሙያ መግባባት ይሳነዋል፤ በመድኃኒት ላይ ሲሆን ደግሞ ስሕተቱ በሕይወት ያስከፍላል።

በአፕሪል 1892 ከ9 የአውሮፓ አገሮች የተውጣጡ 34 ኬሚስቶች በጄኔቫ ሲሰበሰቡ ጉባኤውን በሊቀ መንበርነት የመራው ፍሪደል ነበር። ጉባኤው ለእያንዳንዱ ውሁድ አንድ ይፋ ስም እንዲኖረው አለመ፤ የኬቶን ስምም በ«ኦን» እንዲያልቅ ደነገገ። የአሮማቲክ ውሁዶች ስያሜ ግን በሚገባ ሳይቋጭ ለተከታዮቹ ተላለፈ። ፍሪደልም ፍጻሜውን ሳያይ በ1899 ዐረፈ።

በዛሬው ደንብ አሴቶፌኖን 1-ፌኒልኤታን-1-ኦን ይባላል፤ የቀድሞ ስሙም በጎን ይሠራበታል። ከኮሶ ውሁዶች አስኳል ጋር የሚዛመደው ኬቶን ደግሞ 2-ሜቲል-1-(2,4,6-ትራይሃይድሮክሲፌኒል)ፕሮፓን-1-ኦን ነው። «ፕሮፓን» ባለ 3 ካርቦን ሰንሰለቱን፣ «1-ኦን» የካርቦኒሉን ስፍራ፣ «2-ሜቲል» የሰንሰለቱን ቅርንጫፍ ያመለክታሉ። ቅንፉ ቀለበቱንና በ2ኛው፣ በ4ኛውና በ6ኛው ካርቦን ላይ የተተኩትን ሃይድሮክሲሎች ይይዛል። ስሙን ያነበበ ኬሚስት፣ በአሰላም ይሁን በስትራስቡርግ፣ አንዱንና ያንኑ ውሁድ በወረቀት ላይ ይነድፋል።