የነርሶችን ድካም የቆጠሩ አለቃ፤ የፍሎረንስ ናይቲንጌል ሕይወት

በሳሪስ አቦ ከምኖርበት ቤት አጠገብ አንዲት ነርስ ትኖራለች። እኔ ማለዳ ወደ ሥራ ስወጣ፣ እርሷ ከሌሊት ተራዋ ስትመለስ በር ላይ እንገናኛለን። ሥራዋን ለመልቀቅ መወሰኗን በነገረችኝ ጊዜ ምክንያቱ የደመወዝ ማነስ ብቻ መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን ያወራችኝ ስለ ውሃ ነው። የሆስፒታሉ ፓምፕ ከተበላሸ ወራት አልፎት ኖሮ፣ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን የሚያመላልሱት ነርሶች ነበሩ፤ የቅርብ ኃላፊዋም አንድ ቀን እንኳ ስለ ድካማቸው አልጠየቀም። ስለዚህ ማኅበራችን ለመጽሔቱ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቀኝ ፍሎረንስ ናይቲንጌልን መረጥሁ። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ናይቲንጌል በ1820 ከባለጸጋ እንግሊዛውያን ወላጆች በኢጣሊያ፣ በፍሎረንስ ከተማ ተወለዱ፤ ስማቸውም ከዚችው ከተማ የተወሰደ ነው። በዚያ ዘመን ነርስነት ለጨዋ ልጅ የማይገባ ሥራ ይባል ስለነበር ቤተሰባቸው ለዓመታት ከለከላቸው። ሆኖም በ1851 በጀርመን አገር በካይዘርስቬርት ለሦስት ወር ያህል ሠለጠኑ፤ በ1853ም በለንደን ለሴቶች በተቋቋመ አነስተኛ ሆስፒታል የበላይ ኃላፊ ሆኑ።

ለመሐንዲስ ዓይን የታሪካቸው ዋና ምዕራፍ ይህ ነው። ሙቅ ውሃ በቧንቧ ወደየፎቁ እንዲወጣ፣ የሕመምተኞች ምግብ በዕቃ ማንሻ እንዲጓጓዝ፣ የደወለው ሕመምተኛ የትኛው እንደሆነ የሚያመለክት ደወል እንዲተከል ጠየቁ። ነርሷ ቀኑን በደረጃ መውጣትና መውረድ ከጨረሰችው ለማስታመም የሚተርፍ ኃይል እንደማይኖራት ተገንዝበው ነበርና ከበታቾቻቸው ትዕግሥትን ከመጠየቃቸው በፊት የድካማቸውን ምንጭ ፈለጉ።

በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ 38 ሴቶችን አስከትለው በኢስታንቡል ማዶ ወደሚገኘው የስኩታሪ የጦር ሆስፒታል ሄዱ። ደግነታቸው የላላ አልነበረም፤ ሥርዓት ያፈረሱትን አሰናብተዋል፤ ሥራው የከበዳቸውም ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በየካቲት 1855 ከመቶ ሕመምተኛ 42 ያህሉ ይሞት ነበር። በመጋቢት መሐንዲሱ ሮበርት ሮውሊንሰን የነበሩበት የጤና አጠባበቅ ኮሚሽን ደርሶ የፍሳሹን ቦይ፣ ውሃውንና የአየር መተላለፊያውን አስተካከለ፤ በሰኔ ሟቹ ከመቶ ወደ 2 ገደማ ወረደ። የነርስ ትጋት ብቻውን የሕንፃን ጉድለት እንደማይሸፍን ናይቲንጌል ኋላ በአኃዝና በሥዕል አሳዩ።

በ1860 ሕዝብ ባዋጣላቸው ገንዘብ በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ለእያንዳንዷ ተማሪ የግል መኝታ ክፍል ተሰጣት። ናይቲንጌል በሕመም ምክንያት ከቤት የማይወጡ ቢሆኑም ተማሪዎቹን ሻይ እየጋበዙ አነጋገሩ፤ ከ1872 ጀምሮም ምክርን የያዙ ደብዳቤዎችን ይጽፉላቸው ነበር። ተመራቂዎቹም በየሆስፒታሉ ሜትረን ሆኑ። ከነዚህ አንዷ አግነስ ጆንስ በሊቨርፑል የድሆች ሆስፒታል ነርሶችን ስትመራ በ1868 በተስቦ በ35 ዓመቷ ሞተች። ደጋፊ አለቃም ራሷ ደጋፊ እንደሚያስፈልጋት ይህ ሞት ያስተምራል። ናይቲንጌል በ1910 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ።

በለንደን የሚሰጠው የነርስነት ሥልጠና ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ በዚያች ከተማ በሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1939 ነርስ ሆነዋል፤ በ1942 ካረፉ በኋላም በ1951 በስማቸው የመታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተከፍቷል።

በሆስፒታሎቻችን የተካሄዱ ጥናቶች ነርሶች ሥራ ለመልቀቅ ከሚያስቡባቸው ምክንያቶች መካከል ከደመወዝ ጎን የኃላፊዎችን ድጋፍ ማጣት ይጠቅሳሉ። ደመወዝን መጨመር ከቅርብ ኃላፊ ሥልጣን በላይ ሊሆን ይችላል፤ የተበላሸውን ማስጠገን፣ የደከመውን መጠየቅ ግን በእጁ ነው። በየግንባታ ቦታውና በየፋብሪካው ሰው የምንመራ ባልደረቦቼ ሆይ፣ በእኛ ሥር ያለው ሠራተኛ በከንቱ የሚወጣው ደረጃ የቱ እንደሆነ እንመርምር።

ጎረቤቴ መልቀቂያዋን አስገብታ ሄደች። ፓምፑ ከዚያ በኋላ በሁለት ቀን ሥራ መጠገኑን ሰማሁ።