ከሳኦል ቁጣ በስተጀርባ

ንባብ፦ 1ኛ ሳሙኤል 18፥6-16

ወንድሞችና እህቶች፣ የሳኦል ስም ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን ጦር መወርወሩ ነው። ሳኦል ግን ቁጡ ሆኖ አልጀመረም እኮ። የጠፉ የአባቱን አህዮች ሊፈልግ ወጥቶ ሳሙኤል የቀባው የብንያም ሰው ነው። በቁመቱ ከሕዝቡ ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ሊያነግሡት ሲፈልጉት ግን ዕቃ መካከል ተሸሽጎ ተገኘ።

ኋላ ዳዊት ጎልያድን ገደለ። ሴቶቹ ሲዘፍኑ ለሳኦል ሺህ፣ ለዳዊት እልፍ ቆጠሩ። ሳኦል እጅግ ተቆጣ። በማግስቱ ክፉ መንፈስ ያዘው፤ ዳዊት በገና ሲመታለትም ጦር ወረወረበት።

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ ቁጥር 12ን አንብቡ። ሳኦል ዳዊትን እንደ ፈራ ይነግረናል። ሳኦል ራሱ ግን ይህን ፍርሃቱን ለሰውም ሆነ ለእግዚአብሔር ሲናገር የትም አናነብም። ያልተናገረው ፍርሃት ቁጣ ሆኖ በሰው ላይ ወጣ። ለዳዊት በተከራከረው በገዛ ልጁ በዮናታን ላይ ጦር ወረወረ። አገልጋዮቹ ሁሉ ያደሙበት መሰለው። አንድ ካህን ለዳዊት እንጀራ ስለ ሰጠ 85 ካህናት አስገደለ።

አንድ ቀን በዓይንጋዲ ዋሻ ዳዊት ሊገድለው ሲችል ተወው። ሳኦል ጮኾ አለቀሰ፤ ማሳደዱን ትቶም ወደ ቤቱ ሄደ። ነገር ግን ውስጡ ያለው ፍርሃት እዚያው ነበርና 3000 ሰው ይዞ እንደገና ወጣ። በመጨረሻ በጊልቦዓ ተራራ ከ3 ልጆቹ ጋር በአንድ ቀን ሞተ።

እኛስ? የጎረቤት ስም ለጉዞ ወጥቶ የእኛ ሲቀር፣ ራሽን ሲቀነስ፣ ከአገር ቤት ስልክ ሲጠፋ፣ ቤት ገብተን ልጃችን ላይ እንጮኻለን። ምን ሆናችሁ ሲሉን ምንም እንላለን። ልጁ ምን አጠፋ? ሆድ ብሶን ነው እንጂ!

በዚህ ሳምንት ቁጣ ሲመጣባችሁ፣ ከመናገራችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ፈርቼ ነው? ቀንቼ ነው? ናፍቆኝ ነው? ከፍቶኝ ነው? ስሙን ስታገኙለት ለእግዚአብሔር ንገሩት፤ ለምታምኑት አንድ ሰውም አጫውቱ። ዳዊት በዋሻ ተሸሽጎ ሳለ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ጭንቀቱን በጸሎት አፈሰሰ። ልጃችሁን ጮኻችሁበት ከሆነም ዛሬ ማታ ጠጋ በሉና ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ንገሩት።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ በልባችን ያለውን አሳየን፤ በሰው ላይ ሳይወጣ በፊትህ እንድናፈሰው እርዳን። አሜን።