ጋሊሊዮ ጋሊሊ

ጋሊሊዮ ጋሊሊ (ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1564 – ጃንዩዋሪ 8 ቀን 1642 እ.ኤ.አ.) የጣልያን የፊዚክስ፣ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። ስሙ ብዙ ጊዜ ከቴሌስኮፕ ጋር ይነሣል፤ ተማሪዎች ፊዚክስ ሲጀምሩ ስለ ቀጥታ መስመር እንቅስቃሴ የሚሠሯቸው ጥያቄዎች ግን መሠረታቸው የእሱ የኳስና የጣውላ ሙከራ ነው።

የተወለደው በፒሳ ከተማ ሲሆን አባቱ ቪንቼንሶ ሙዚቀኛ ነበር። በ1581 በፒሳ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና መማር ቢጀምርም ልቡ ወደ ሒሳብ ስላደላ በ1585 ያለ ዲግሪ ወጣ። በ1589 እዚያው የሒሳብ መምህር ሆነ፤ ከ1592 ጀምሮ ደግሞ በፓዶቫ ለ18 ዓመታት አስተማረ።

የመውደቅ ሕግ

በዘመኑ የነበረው የአሪስቶትል ትምህርት ከባድ ነገር ከቀላል ይልቅ ፈጥኖ ይወድቃል ይል ነበር። ጋሊሊዮ ይህን ለማፍረስ ከፒሳው ዘመም ግንብ ላይ ኳሶች ጣለ የሚለውን ዝነኛ ታሪክ የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ቪቪያኒ ነው፤ የጻፈውም ጋሊሊዮ ከሞተ በኋላ ስለሆነ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይጠራጠሩታል። የጣውላው ሙከራ ከግንቡ ታሪክ ይበልጣል።

ቁልቁል የሚወድቅ ነገር በዚያን ጊዜ መሣሪያ ለመለካት እጅግ ፈጣን ነበር። ስለዚህ ጋሊሊዮ ውድቀቱን አዘገየው፦ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ቦይ አስቀርጾ የነሐስ ኳስ አንከባለለ። ጊዜውን የለካው ከዕቃ በቀጭኑ የሚወርድ ውሃ እያጠራቀመ በመመዘን ነው። ጊዜው እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ፣ ጊዜው ሦስት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ሆኖ አገኘው።

ምክንያቱን ማግኘት ግን ከበደው። በ1604 ለወዳጁ ለፓኦሎ ሳርፒ በጻፈው ደብዳቤ የሚወድቅ ነገር ፍጥነት የሚያድገው በተጓዘው ርቀት ልክ ነው ብሎ ነበር። ይህ ስሕተት ነው። እንዲያ ቢሆን ኖሮ የተጓዘው ርቀት ዜሮ የሆነ ድንጋይ ፍጥነቱም ዜሮ ስለሚሆን ከቦታው ባልተነቃነቀ ነበር። ፍጥነቱ የሚያድገው በጊዜው ልክ መሆኑን የተረዳው ከዚያ በኋላ ነው።

ለምሳሌ ከቆመበት የተለቀቀ ድንጋይ ፍጥነቱ በየሴኮንዱ በ10 ሜትር በሴኮንድ ይጨምራል ብንል (ትክክለኛው 9.8 ገደማ ነው)፣ ከ3 ሴኮንድ በኋላ ፍጥነቱ 30 ይሆናል። ርቀቱን ለማግኘት 30ን በ3 አባዝቶ 90 ሜትር ማለት ድንጋዩ ከመጀመሪያው ጀምሮ በ30 እንደሄደ መቁጠር ነው። አማካይ ፍጥነቱ 15 ስለሆነ መልሱ 45 ሜትር ነው። በየሴኮንዱ ሲከፋፈል 5፣ 15 እና 25 ሜትር ይሆናል፤ ይህም ጋሊሊዮ የደረሰበት የ1፣ 3፣ 5 ንጽጽር ነው። በአማካይ ፍጥነት የማስላቱን ዘዴ የኦክስፎርድ ሊቃውንት በ14ኛው ክፍለ ዘመን ያውቁት ነበር።

ፍርድና የመጨረሻ ዓመታት

በ1610 በቴሌስኮፕ አራት የጁፒተር ጨረቃዎችን አገኘ። መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን ሐሳብ የሚደግፍ መጽሐፍ በ1632 በማሳተሙ፣ በቀጣዩ ዓመት ሮማ ላይ ተፈርዶበት ሐሳቡን እንዲክድ ተገደደ። ቀሪ ዕድሜውን በፍሎረንስ አጠገብ በአርቼትሪ በቁም እስር አሳለፈ። በ1634 የሚወዳት መነኩሲት ልጁ ማሪያ ቼለስቴ ሞተችበት።

ከፓዶቫ ዘመን የቆየውን የእንቅስቃሴ ጥናቱን ወደ መጽሐፍ ያበቃው በዚህ እስር ነው። ሥራዎቹን ማሳተም ተከልክሎ ስለነበር መጽሐፉ በ1638 በሆላንድ፣ በላይደን ከተማ ታተመ። በዚያን ጊዜ ዐይኑ ጠፍቶ ነበር።

በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት አየር በሌለባት ጨረቃ ላይ መዶሻና የወፍ ላባ አንድ ላይ ለቀቀ፤ ሁለቱም እኩል መሬት ነኩ።